ከሥራ መልስ ሰዓሊ መሆን፦ ምን ይተዋል? ምን አይነካም?

ቀን ሌላ ሥራ እየሠሩ ሰዓሊ መሆን የሚመኙ ሰዎች ብዙ አሉ። ባንክ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጠው ደረሰኝ ጀርባ ላይ ፊት የሚሥሉ አሉ። አስተማሪዎች አሉ። ሱቅ የሚጠብቁ አሉ። ብዙዎቹን ተሰጥኦ አላነሳቸውም። ያጡት በየቀኑ የሚጠብቃቸው ሰዓትና ሥራቸውን የሚያርምላቸው ሰው ነው።

ለጥበብ ዋጋ መክፈል ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሥራውን ጥሎ የወጣ፣ ኪራይ ያልከፈለ፣ የራበው ሰዓሊ ነው። ይሄን ምስል አልወደውም። የራበው ሰዓሊ ቀድሞ የከፈለውን ሰው ሥዕል ይሥላል እንጂ የራሱን አይሥልም። መክፈል ያለባችሁን ዋጋ አስቀድማችሁ ምረጡት። በሰዓትና በብር ቁጠሩት። መጀመሪያውንና መጨረሻውን ወስኑለት። ከዚህ በታች ያለው ይሄንን ደረጃ በደረጃ የማደርግበት መንገድ ነው። የጻፍኩት ስለ ሥዕል ነው። ክራር የምትመቱ ወይም ልብ ወለድ የምትጽፉ ከሆነ ዕቃውን ቀይሩት፣ አካሄዱ ያው ነው።

1. የሚያልቅ ነገር ምረጡ

"ታዋቂ ሰዓሊ እሆናለሁ" ምኞት ነው። ነገ ጠዋት ተነስታችሁ ልትሠሩት አትችሉም። "ከመስከረም እስከ ሰኔ ድረስ፣ 12 ሥዕል እጨርሳለሁ" ግን ይሠራል። ርዕሱም አንድ ይሁን። የሰፈራችሁ ጉሊት ሻጮች፣ የድሮ የቆርቆሮ በሮች፣ የአያታችሁ እጆች፤ ብቻ በየሳምንቱ የማትቀይሩት ነገር ይሁን።

መጠኑንም አንድ አድርጉት። እኔ 50 በ70 ሳንቲ ሜትር እመክራለሁ። ፍሬሙ አንድ ዓይነት ስለሚሆን አናጺው ዋጋ ይቀንስላችኋል። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥም ጉልበታችሁ ላይ ይዛችሁት መሄድ ትችላላችሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ኮንትራት ታክሲ መያዝ ይመጣል። ሥዕል ለማሳየት በሄዳችሁ ቁጥር ለኮንትራት የምትከፍሉ ከሆነ ደግሞ ማሳየቱን ቀስ በቀስ ትተዉታላችሁ።

2. ሰዓታችሁን ቁጠሩ

ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ ጻፉ። ስንት ሰዓት ተነሳችሁ? ታክሲ ሰልፍ ላይ ስንት ቆማችሁ? ከሥራ ገብታችሁ እስክትተኙ ምን ሠራችሁ? ስልካችሁ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ስንት ሰዓት እንደቆያችሁ ሴቲንግ ውስጥ ያሳያችኋል። እሱንም አብራችሁ ጻፉ። ሰው አያየውም፤ ስለዚህ እውነቱን ጻፉ።

ከዚህ ዝርዝር የምትፈልጉት በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 1 ሰዓት ነው። ለመጀመሪያው ዓመት ከዚያ በላይ አትመኙ። በቀን 4 ሰዓት ብሎ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ሲያቆም ነው የማየው።

የትኛው ሰዓት? ለእኔ መልሱ ጠዋት ነው። ከ11 እስከ 12 ሰዓት። ቤቱ ተኝቷል፣ ስልክ አይጠራም፣ አለቃ ገና አላናደዳችሁም። ማታ ግን ታክሲው፣ እንግዳው፣ ድካሙ ሁሉ ሰዓቱን ይሻማል። ችግሩ በዚያ ሰዓት ገና ጨለማ ነው። በቢጫ አምፖል ደግሞ ቀለም ያታልላል። ነጭና ደብዘዝ ያለ ቢጫ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ዓርብ በመብራት የሚሠራውን ሥሩ፦ እርሳስ፣ ከሰል፣ ጥቁርና ነጭ። ቀለም ስትጀምሩ ለቅዳሜ ቀን አስቀሩት፣ መስኮት አጠገብ። መብራት ለሚጠፋበት ቀን ቻርጅ የሚደረግ መብራት ይኑራችሁ።

ሥራችሁ ማታ ከሆነ፣ የጥበቃም ይሁን የነርስነት፣ ሰዓቱን ገልብጡት። ዋናው በየቀኑ ያው ሰዓት መሆኑ ነው።

3. ሦስት ዝርዝር ጻፉ

አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ ክፈሉ።

የመጀመሪያው *የምተወው* ነው። እዚህ ሁለት ወይም ሦስት ነገር ብቻ ይግባ። ሌሊት አልጋ ላይ የሚታይ ቲክቶክ መጀመሪያ ይግባ፣ የጠዋቱን ሰዓት የሚበላው እሱ ነውና። ጫትም እዚህ ይግባ። ጫት ካልያዘ እጁ የማይታዘዝለት የሚመስለው ሰዓሊ ሞልቷል። ስለ ጤናው ሌላ ሰው ይናገር። እኔ ስለ ሰዓቱ ነው የምናገረው። በርጫው ከ8 ሰዓት ይጀምራል፣ እስከ ምሽት ይሄዳል፣ ሌሊቱን እንቅልፍ የለም፣ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ የሚነሳ ሰው የለም። በምርቃና የተሣለውም በማግስቱ በቀን ብርሃን ሲታይ ብዙ ጊዜ እንደ ሌሊቱ አያምርም። እጃችሁን ከጫት ጋር ካስተዋወቃችሁት ያለ ጫት መሥራት እንደ አዲስ ልትማሩ ነው።

ሁለተኛው *የምቀንሰው* ነው። ዲኤስቲቪ ቤት የሚታይ ኳስ በሳምንት አንድ ጨዋታ ይሁን። ከሥራ በኋላ ማኪያቶ ይዞ መቀመጥ በሳምንት አንዴ ይሁን። ሠርግ ላይ ተገኙ። ቅልቅሉም መልሱም ላይ መገኘት ግን ግድ አይደለም። ልብስና ስልክ መቀየር ለአንድ ዓመት ይቆይ።

ሦስተኛው *የማልነካው* ነው። ሰው ሁሉ የሚረሳው ይሄኛውን ነው። እንቅልፍ እዚህ ይግባ። 11 ሰዓት የምትነሱ ከሆነ 4 ሰዓት ላይ ተኙ። ምግብ፣ ኪራይ፣ የቤተሰብ ድጎማ እዚህ ይግቡ። ለቅሶም እዚህ ይግባ። ጎረቤት ሐዘን ላይ ተቀምጦ "ሥዕል ነበረብኝ" አይባልም። ለቅሶ የማይደርስ ሰው የሚሥለው ሰው ከየት ይመጣል?

የማይነካ ነገር ሲነካ ምን እንደሚሆን የፒያኖ ተጫዋቿ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ሕይወት ያሳያል። ካይሮ ሙዚቃ ሲማሩ በቀን 5 ሰዓት ፒያኖ፣ 4 ሰዓት ቫዮሊን ይለማመዱ ነበር። 9 ሰዓት መሆኑ ነው። ከካይሮ ሙቀት ጋር ተደማምሮ ጤናቸው ታወከ፣ ወደ አገር መመለስ ግድ ሆነ። በኋላ መንኩሰው ግሸን ማርያም ዓመታት አሳለፉ። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲታተም ዕድሜያቸው 40 ገደማ ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያዳምጣቸው ያኔ በ9 ሰዓቱ ልምምድ ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላም ወደ ፒያኖው ተመልሰው ለረጅም ዘመን ስለቆዩበት ነው። ሰውነታችሁን ለረጅም ጊዜ ትፈልጉታላችሁ።

4. የቅኔ ቤትን ሥርዓት ተዋሱ

ስለ ዲሲፕሊን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጎጃምና ጎንደር ያሉት የቅኔ ቤቶች ለዘመናት ሲሠሩበት ኖረዋል። ስለ ቆሎ ተማሪ ስናወራ ደበሎውንና አኩፋዳውን፣ ውሻ እያባረረው "በእንተ ስማ ለማርያም" ማለቱን እናነሳለን። መከራው እውነት ነው። ሊቅ ያደረገው ግን መከራው ብቻ አይመስለኝም። የቀኑ አደረጃጀት ነው።

አደረጃጀቱ እንዲህ ነው። ተማሪው ቀን ገለል ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም ጫካ ጥግ ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጃል። ይሄ ቆጠራ ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ይናገራል። ይሄ ነገራ ነው። መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ነገም እንደዚያው። ጀማሪው መወድስ አይሰጠውም። የሚነሳው ከጉባኤ ቃና ነው፣ 2 ቤት ብቻ። ከዚያ ባለ 3 ቤቱ ዘአምላኪየ ይመጣል። እያለ እያለ 8 ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል።

እዚህ ውስጥ ለእኛ የሚሆኑ ሦስት ነገሮች አሉ። በትንሹ መጀመር፣ በየቀኑ አንድ ሙሉ ነገር መጨረስ፣ ለሚያርም ሰው ማሳየት።

*ቆጠራው።* ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሸራ አትንኩ። አንድ ዕቃ፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ እርሳስ ወይም ከሰል። ቤታችሁ ካለው ጀበና ጀምሩ። በየቀኑ ያችኑ ጀበና ሣሉ።

ሰዓቱን እንዲህ ተጠቀሙበት። መብራቱ ከጎን ይምጣ። ለመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች እርሳስ አታንሱ፤ እዩ ብቻ። ከዚያ እርሳሱን በተዘረጋ ክንድ ይዛችሁ፣ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ ለኩ። የአንገቷ ርዝመት ሆዷ ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? ጀማሪ አንገቷን ያስረዝማል። ለምን ቢባል ጀበና አንገተ ረጅም እንደሆነች ስለሚያውቅ ነው፤ የሚሥለው የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። የወረቀቱም መጠን ይወሰን። ግማሽ ኤ4 ይበቃል።

አሁን ዓይናችሁን ጠበብ አድርጉ። ጥቃቅኑ ነገር ይጠፋና ሦስት ነገር ይቀራል፦ ብርሃኑ፣ መካከለኛው፣ ጨለማው። እነዚህን ሦስቱን ብቻ ቀቡ። ስትጨርሱ የጥላውን ጫፍ እንደገና እዩት፣ ከጠረጴዛው በሚቀርበው በኩል። ጨለማው እዚያ ጋ ትንሽ ይገረጣል። ከጠረጴዛው ተመልሶ ሆዷ ላይ የሚያርፍ ብርሃን ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አታዩትም። አንድ ቀን ጠዋት ታዩታላችሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ጀበናዋ ወረቀቱ ላይ ክብ መሆን ትጀምራለች። ተመሳሳይ ነገር ደጋግሞ መሣል አሰልቺ ነው ለሚሉኝ ይሄን ቀን እስኪያዩ ታገሡ እላቸዋለሁ።

በመጨረሻው 5 ደቂቃ ወረቀቱን ገልብጣችሁ ቀኑንና አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "እጀታው ወደ ግራ ሸሸ።" በቃ። አትቅደዱት። ፋይል ውስጥ አስገቡት።

በሦስተኛው ወር ሁለት ዕቃ አድርጉት፤ ሲኒና ጀበና። አሁን የምትሥሉት በመካከላቸው ያለውን ባዶ ቦታም ጭምር ነው። ከዚያ ጥቁር፣ ነጭና አንድ አፈርማ ቀለም ጨምሩ፣ ወረቀት ላይ። ሸራውና 12ቱ ሥዕሎች ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

*ነገራው።* የሚያርማችሁ አንድ ሰው ፈልጉ። ከእናንተ የተሻለ የሚሥል ሰው መሆን አለበት። አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት የተመረቀ ወይም እዚያ የሚማር ሰው በዘመድም በጓደኛም አይጠፋም። ለሰዓቱ ክፈሉት፤ ትንሽም ቢሆን። የከፈላችሁት ሰው አይለግምም፣ እናንተም አትቀሩም። ቋሚ ቀን ይኑረው፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከሰዓት። የሳምንቱን 6 ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

"እንዴት ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። አገራችን ውስጥ የዚህ ጥያቄ መልስ "በጣም ቆንጆ ነው፣ በርቱ!" ነው። ሰው ፊት ለፊት ማስቀየም አይወድም። "ከ6ቱ ደካማው የቱ ነው? የቱ ጋ ተበላሸ?" በሉ። መልስ ሲሰጣችሁ አትከራከሩ። ጻፉትና የሰኞ ሥራችሁ አድርጉት። ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ነገራ አይደለም። ላይክ አያርምም።

5. ጥግ አበጁ

የተከራያችሁት አንድ ክፍል ከሆነ ስቱዲዮ አትመኙ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ይበቃል። ትልቁ ቁም ነገር ዕቃው ሁልጊዜ ተዘርግቶ እንዲያድር ነው። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ እርሳስ ከሻንጣ የሚፈልግ ሰው ተመልሶ ይተኛል። ወረቀቱን ማታ ጠረጴዛው ላይ ለጥፋችሁ ተኙ።

የምትተኙበት ክፍል ውስጥ በዘይት ቀለም አትሥሩ። የማቅጠኛው ሽታ ሌሊቱን አብሯችሁ ያድራል። አክሪሊክ በውሃ ይታጠባል፣ ቶሎ ይደርቃል። ዘይት ካልተውኩ የምትሉ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉት። ሲደርቅ ይሞቃል፣ ተከማችቶ ከቆየ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውሃ ያለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ አስገቡት።

6. ብሩን አደራጁት

ሥዕል ዕቃ ይፈልጋል፣ ዕቃው ውድ ነው፣ አብዛኛው ከውጭ ይገባል። እዚህ ላይ ዕቁብ ግቡ። አዎ፣ ለሥዕል። ከደመወዛችሁ ሳያማችሁ የምታወጡት መጠን ይሁን። ዕጣ ሲወጣላችሁ ብሩ ወደ ሌላ ጉዳይ ሳይሄድ በዚያው ቀን የዓመቱን ቀለምና ሸራ ግዙ። ብቻችሁን ልቆጥብ ብትሉ ታቆማላችሁ። ዕቁብ ላይ ግን ሰብሳቢው ይደውላል። ዲሲፕሊን አንዳንዴ እንዲህ ሰው ሲጠብቅባችሁ ነው የሚመጣው።

እስከዚያው መርካቶ ወርዳችሁ አቡጀዲ ግዙ። እንጨት ፍሬም ላይ ወጥራችሁ ነጭ ቅብ ብትቀቡት ለልምምድ ይሆናል። ለሽያጭ የምታስቡትን ግን ለሥዕል ተብሎ በተዘጋጀ ሸራ ሥሩት። ዕቃ የለኝም ለሚል ሰው ኤልያስ ስሜን አስታውሳለሁ። መርካቶ ከሚሸጥ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ስብርባሪ ነው ግድግዳ የሚያክል ሥራ የሚሠራው። ሽቦዎቹን እየጎነጎነ፣ ጣውላ ላይ እየቸነከረ። የሚፈጀው ብር ብቻ ሳይሆን ትዕግሥት ነው።

ትዕዛዝ ሲመጣ፣ ለምሳሌ ከፎቶ የሚሣል የልደት ወይም የሠርግ ሥዕል፣ ግማሹን ቀብድ ተቀበሉ። የሚያልቅበትን ቀን ጻፉ። "ለዘመድ ነው" ለሚላችሁ ቅናሽ አድርጉ እንጂ በነፃ አትሥሩ። "ሰው ያየዋል፣ ማስታወቂያ ይሆንልሃል" የሚል ትልቅ ሆቴልም ቢሆን መልሱ ያው ነው። ትዕዛዝ ለእሑድ ይሁን፤ የጠዋቷ ሰዓት የራሳችሁ ሥራ ናት። እሷን አንዴ ለትዕዛዝ ከሰጣችኋት አትመለስም።

ከሽያጭ ያገኛችሁትን ቢያንስ ሲሶውን ወደ ሥራው መልሱ። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር የተላኩት ምህንድስና ሊማሩ ነበር፤ ወደ ሥዕል ዞሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያ ዐውደ ርዕያቸውን ካሳዩ በኋላ፣ ከዚያ ያገኙት ገንዘብ እንደገና አውሮፓ ሄዶ ለመማርና ለማየት ጠቅሟቸዋል። የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል ስታዩ፣ የመጀመሪያው ሽያጭ የት እንደገባ አስቡ።

ደመወዝ የምታገኙበትን ሥራ መቼ ትልቀቁ? የእኔ መለኪያ ጠበቅ ያለ ነው። ከሥዕል የሚገባው ገቢ ለ12 ተከታታይ ወራት ኪራይና ምግብ ከሸፈነ፣ የ6 ወር ወጪም ባንክ ካለ፣ ልቀቁ። ያ እስኪሆን ደመወዛችሁ የማትወዱትን ሥዕል እምቢ የማለት መብት ይሰጣችኋል።

7. ለቤተሰብ ሰዓቱን ንገሩ

ለቤተሰብ ስለ ሕልማችሁ ረጅም ንግግር አታድርጉ። ይፈራሉ። "ሥራህን ልትለቅ ነው?" ይመጣል። የምትነግሯቸው ሰዓቱን ይሁን።

"እማዬ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ 12 ሰዓት በሩን ዘግቼ ልሥራ ነው።"

"ቁርስስ?"

"ቁርስ አብረን ነዋ።"

"እሱ ካለማ ምን ቸገረኝ።"

ይሄ ይበቃል። ያላችሁትን ሰዓት እናንተም አክብሩት። 12 ሰዓት ካላችሁ 12 ሰዓት በሩን ክፈቱ። ቃላችሁን ስትጠብቁ ካዩ፣ ከወር በኋላ ታናናሾቻችሁን ዝም የሚያሰኙት እነሱ ይሆናሉ። ትዳር ያላችሁ ደግሞ አንድ ሰዓት ስትወስዱ አንድ ሰዓት መልሱ። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን እናንተ ያዙ፣ እሷ ወይም እሱ ይረፉ።

8. ለሚቀረው ቀን ተዘጋጁ

ትቀራላችሁ። ልጅ ያማል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ትታመማላችሁ። ለዚህ ሁለት ሕግ አውጡ። የመጀመሪያው፣ ዛሬ የቀረውን ነገ ደርባችሁ አትሥሩ። 2 ሰዓት ይሆንና ነገውንም ትሸሻላችሁ። ሁለተኛው፣ በተከታታይ ሁለት ቀን አትቅሩ። ሁለተኛው ቀን ላይ 10 ደቂቃም ቢሆን ተቀመጡ። ሲኒዋን ብቻ ሣሉ፣ ቀኑን ጻፉ።

መጀመር ለሚከብዳችሁ የጾምን ወቅት ተጠቀሙ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ረመዳን 29 ወይም 30 ቀን ነው። ሰውነታችሁ ቀድሞውኑ ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፣ ግብዣውም ቀንሷል፣ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ መነሳቱም አለ። የጾሙን መጀመሪያ የሥዕሉም መጀመሪያ አድርጉት። ሲፈታ ግን ሥዕሉ አይፈታ።

9. አሳዩ፣ አስቀምጡ

12ቱ ሲያልቁ ያረማችሁን ሰው ጥሩና 4ቱን አስወጡ። የምታሳዩት 8ቱን ነው። ፎቶ አንሷቸው። ደመናማ ቀን፣ ውጭ፣ ፀሐይ ሳያርፍባቸው፣ ያለ ፍላሽ። ካሜራው ከሥዕሉ መሐል ትይዩ ይሁን። ጋለሪ ስትሄዱ መጀመሪያ እንደ ተመልካች ሂዱ። ምን ዓይነት ሥራ እንደሚያሳዩ እዩ። ፎቶውን፣ መጠኑን፣ የተሠራበትን ቀለምና ዓመቱን የያዘ አንድ ገጽ ይዛችሁ በሌላ ቀን ተመለሱ። ካፌና መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ማሳየትም ነውር የለውም። ዋጋ ግን ሁሉም ቦታ አንድ ይሁን።

ያልተሸጡትን ጀርባቸው ላይ ስም፣ ርዕስና ዓመት ጻፉባቸው። ክረምት ሳይገባ ከወለል አንሱ፤ ከግድግዳውም ራቅ አድርጓቸው፤ እርጥበት ሸራን ያሻግታል። ከፍሬም አውጥታችሁ መጠቅለል ካለባችሁ ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን። ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ሲዘረጋ ይሰነጠቃል።